ወላጅ ያልመጣበት ዐውደ ርእይ

ደሴ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አብዱልሐሊም
ግራና

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ አሚናስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ነው? ግመል ነጂው ዛኪር ግመሎቹን ባቲ አሳድሮ ትናንት ሲደርስና ብጣሽ ወረቀትዎን ሲሰጠኝ፣ ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው አንብቤ እስክጨርስ አላስተነፈሱኝም።

ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። ሰባቱም ደህና ናቸው፤ ሰባቱም ከእኔ ጋር ናቸው። ይህንኑ ለሌሎቹ ወላጆች በየቤታቸው ዞረው እንዲነግሩልኝ እለምንዎታለሁ። የወላጅና መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ እርስዎ ነዎትና ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት ያምኑታል።

ከመርሳ ይዣቸው የወጣሁት ለክረምቱ የሳይንስ ሥልጠና ብቻ ነበር። ከየወረዳው የተመረጡ የክበብ ልጆች የሠሩትን ይዘው ይመጣሉ፣ ይማራሉ፣ መጨረሻ ላይ ወላጆች በተገኙበት ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል ተባለ። እርስዎም ወላጆቹን የሚያመጣውን መኪና ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። መኪናው ሊመጣ በነበረበት ሳምንት ወልድያ ተያዘች፤ መርሳም ተከተለች። መንገዱም ስልኩም በዚያው ተዘጋ።

ያረፍንበት ትምህርት ቤት ከቆቦ፣ ከወልድያና ከሐራ በተፈናቀለ ሰው ሞልቷል። ልጆቹ የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ በሰሌዳው በኩል፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል፣ እኔ መሀል። አልተቸገርንም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ጦማቸውን አላደሩም። ዐውደ ርእዩን አልሰረዝኩትም። ሥራ ካልያዙ ሲጨነቁ ይውላሉ፤ ስለዚህ የሠሩትን እያስጠገንኩ፣ ማብራሪያቸውን እያስጠናሁ አውላቸዋለሁ።

ነኢማ ደህና ናት፤ የእናቷ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቷታል። ያ ለእናቷ ብላ የሠራችው ማቀዝቀዣ፣ ትንሿን ማሰሮ ከትልቁ ከትታ መሀሉን በእርጥብ አሸዋ የሞላችው፣ እዚህ ከእኛ ጋር ነው። "የእማዬ ኢንሱሊን በዚህ ሙቀት የት ተቀመጠ?" ትለኛለች። መድኃኒቱ አለ? ጤና ጣቢያውስ ይሰጣል? በእርስዎ እጅ የተጻፈ ካላየች አታምንም። ከታች ሁለት መስመር ጨምራለች።

አክባሪዎ
ጽጌ ይርጋ

አባዬ፣ እማዬ ስትወጋ ቦታ ትቀያይር በላት፤ አንድ ቦታ ደጋግማ እየወጋች ያብጥባታል። መድኃኒቱን ከሽንኩርቱ ዳስ ሥር፣ ጥላው ጋ አስቀምጡላት። ነኢማ።


ግራና፣ መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለመምህርት ጽጌ ይርጋ

ሰላም ለአንቱ ይሁን። ሰላም ለልጆቹ ይሁን። እኛ አልሐምዱ ሊላህ አለን።

የጻፉትን ለሁሉም ቤት አንብቤያለሁ። የዊንታ አባት ሰለሙን ሱቁ ተሰብሮ፣ ባዶ መደርደሪያ መሀል ተቀምጦ አገኘሁት። ሳነብለት "ሰባቱም የሚለውን ድገመው" አለኝ፤ ደገምኩለት፤ አሁንም ድገመው አለኝ።

ትምህርት ቤቱ እንዴት ሆነ ብለው በዛኪር ለላኩብኝ፣ ሰብሳቢ ነኝና ሄጄ አይቼዋለሁ። በሮቹ የሉም። ዴስኩ ለማገዶ ተፈልጧል። የክበቡ ክፍል ውስጥ የነበረውን ዕቃ ሁሉ ወስደውታል፤ ልጆቹ የሣሉት የሰው ልብ ሥዕል ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። እሱን የፈለገው የለም።

የጤና ጣቢያውን ነገር ጠይቀውኛል። አልጋውም ፍሪጁም ተጭኖ ሄዷል፤ ሥራ የለውም።

ለነኢማ እንዲህ ብለው ያንብቡላት። እናትሽ ዐርፋለች። ሕመምም የለባት፣ መርፌም አያሠቃያት። የመድኃኒቱን ነገር ከእንግዲህ አታስቢ፤ ትምህርትሽን ያዢ፤ መምህርትሽን አታስቸግሪ። ይኸው በእጄ ጽፌዋለሁ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልሆነልኝም። ዛኪርም ቸኩሏል።

አብዱልሐሊም


ደሴ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አብዱልሐሊም

እንደምን ከረሙ ጋሼ? ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰዎ ልል ብዕር አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ዐውደ ርእዩ እንዴት ሆነ ብለው በዛኪር ለላኩብኝ፣ በመስቀል ሰሞን ከፈትነው። ከልማድ የተነሣ ፊት ለፊት ያለውን ረድፍ ለወላጆች ብዬ ባዶ ትቼው ኖሯል። ልጆቹ ከሥራቸው ኋላ ቆመው ዓይናቸው እሱ ወንበር ላይ ቀረ። አንደኛው ማብራሪያውን ጀምሮ መሀል ላይ ጠፋው። ላስታውሰው ልነሣ ስል ከቆቦ የተፈናቀሉ እማማ ታደለች የሚባሉ ሴት መጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። አስተናጋጁ ልጅ ይህ የወላጅ ቦታ ነው ቢላቸው፣ "እኔስ ወላጅ አይደለሁም? የእኔዎቹ የት እንዳሉ አላውቅም እንጂ ወልጃለሁ" አሉት። ከዚያ በየክፍሉ የነበረው ሰው አንድ አንድ እያለ መጥቶ ረድፉን ሞላው። እያንዳንዱ ልጅ የሚያዳምጠው ሰው አገኘ። አጨበጨቡም። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

እማማ ታደለች የነኢማን ማሰሮ እጃቸውን ከተው ሲሞክሩት ቀዝቃዛ ሆነባቸው። "ለማን ነው የሠራሽው ልጄ?" አሏት። ነኢማ ከአዳራሹ ወጣች።

የምጽፍልዎ በዚህ ምክንያት ነው። ደብዳቤዎን ካነበብኩላት ጀምሮ ምግብ በአግባቡ አትበላም። "እማዬ በቀን ዐርፋ አታውቅም" ትለኛለች። "ዐርፋለች ካለ መነሣት አቅቷት ተኝታለች ማለት ነው።" አባቶች እንዲህ ነው የሚጽፉት ብላት አልሰማ አለችኝ። ከዐውደ ርእዩ በኋላ አንዲት ነርስ ታሪኳን ሰምታ ጥቂት ብልቃጥ ኢንሱሊን ሰጥታታለች። ዛኪር በቆላው ሙቀት ይበላሽብኛል ብሎ አልወስድም አለ። እሷ ደግሞ ጨርቅ እያራሱ፣ በቅል ከተው ከያዙት አይበላሽም፣ እኔ አደርሰዋለሁ ባይ ናት። ወደ ወረዳችን ወደ ሐብሩ ለመመለስ የሚያስቡ ሴቶች እዚህ አሉ፤ አጠገባቸው አትጠፋም።

እኔ አልለቃትም፤ በዚህ አይስጉ። ግን እስክለምንዎ ሳይጠብቁ እባክዎ በግልጽ ይጻፉልኝ። ወይዘሮ አሚና እንዴት ናቸው? መድኃኒቱንስ በምን እንላከው?

ነኢማ ዛሬ ከታች አልጻፈችም። አባቴ መጀመሪያ ይመልስልኝ ብላለች።

ጽጌ


ግራና፣ ጥቅምት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለመምህርት ጽጌ

ሰላም ለአንቱ ይሁን። በወንበራችን ለተቀመጡት ሁሉ አላህ የልጆቻቸውን ፊት ያሳያቸው።

መድኃኒቱን አትላኩ። እዚያው ስኳር ላለበት ችግረኛ ይሰጥልኝ። ለምን ብለው አይጠይቁኝ።

ነኢማ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል። በአላህ ይዤዎታለሁ። በዚህ መንገድ ሴት ልጅ ምን እንደሚገጥማት ለሴት መምህር መጻፍ ያሳፍረኛል። ዛኪርን ይጠይቁት፤ ዝም ካለዎት ዝምታውን መልስ ያድርጉት።

እዚህ የቀሩት ልጆች ምን ይውላሉ ብለው በዛኪር ለጠየቁኝ፣ አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። በሽንኩርት ማከማቻዬ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥያቄና መልስ አወዳድራቸው ጀመር። አንቱ በወላጆች ቀን እንደሚያደርጉት ሴቶቹን በአንድ ወገን፣ ወንዶቹን በሌላው አስቀመጥኩ። ለመለሰ ሸንኮራ እቆርጥለታለሁ። መጀመሪያ ቀን ቤቱ ጠበበ፤ እናቶች ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ዋሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ የዓባይን ገባር ወንዞች ጠይቄ ሳልጨርስ ከባድ መሣሪያው ከመርሳ በኩል ጮኸ። ሁሉም ከጆንያው ሥር ገቡ። ሲበርድ አንዲት ልጅ ከጆንያው ሥር ሆና ወንዞቹን ጠራቻቸው። አልተሳሳተችም። ያጨበጨበላት ግን አልነበረም፤ ሸንኮራውንም ሳትወስድ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ወላጆቹ እውነት አላቸው፤ እኔም ብሆን አልልክም።

ነኢማ አኩርፋኝ ነው? አንድ መስመር እንኳ ትጻፍልኝ።

አብዱልሐሊም


ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አብዱልሐሊም

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ትንሽ ቀድሞ ቢደርስ ምን ነበር።

ነኢማ ለምን አልጻፈችም ላሉኝ፣ ዛሬ አጠገቤ የለችም። መድኃኒቱም እኔ ዘንድ የለም፤ ስለዚህ ለማንም ልሰጠው አልቻልኩም። በእርስዎ እንዳላኮረፈች ግን እርግጠኛ ነኝ። ስለ እርስዎ ስታወራ ነው የምትውለው።

ከተማው ተሸብሯል። ሰው ዕቃውን እየጫነ ነው፤ እኛም ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመርሳ ሰው የሆነች ብዙነሽ የምትባል ሴት ከሌሎች ሴቶች ጋር በቆላው በኩል ወደዚያ ተመልሳለች። በደህና ገብታ እንደሆነ ያጣሩልኝ። አብራት ማን ማን እንደገባም ይጠይቁልኝ። መልሱን ሳይውሉ ሳያድሩ ይላኩልኝ።

ይቅርታ፤ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ።

ጽጌ


ግራና፣ ጥቅምት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለመምህርት ጽጌ

ብዙነሽ ያሏት ሴት አልገባችም። ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ያያት የለም። ለምን እንደፈለጓት አላወቅሁም።

ዛሬ የምጽፈው የደበቅሁትን ነው። አሚና ሞታለች። የሞተችው ጳጉሜን ላይ ነው። መጀመሪያ የላኩት ደብዳቤ ሲደርስ ነፍሷ አለች፤ የነኢማን ሁለት መስመር አንብቤላታለሁ። ቦታ ትቀያይር የምትለው ጋ ስደርስ ሳቀች። የምትወጋው መድኃኒት ግን ካለቀ ሰንብቶ ነበር። ወልድያ አንድ ሰው በቤቱ አስቀርቷል የሚል ወሬ ሰምቼ በአህያ ይዣት ወጣሁ። ሲሪንቃ ስንደርስ መናገር አቆመች። ከዚያው መለስኳት፤ ግራና ሳንደርስ አለቀች።

ለነኢማ አትንገራት ያለችኝ ራሷ አሚና ናት። "ከሰማች ትነሣለች፣ መንገድ ላይ ትቀርብኛለች፤ ራሷ ስትመጣ ትወቀው" አለችኝ። እሺ አልኳት። ደህና ናት ብዬ ልጽፍ ግን ውሸቱ አልወጣልኝም፤ ዐርፋለች አልኩ። ቃሉ እውነት ስለሆነ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ልጄ በሌላ ትረዳዋለች ብዬ አላሰብኩም።

አሁን ሳስበው መደበቄ ጥሩ አይደለም። መንገዱ የተከፈተ ቀን መድኃኒቱን ታቅፋ እየሮጠች ትመጣለች፤ በሬ ላይ ቆሜ የለችም የምልበት አቅም የለኝም። ስለዚህ አንቱ ንገሯት። ሰው መሀል አይንገሯት። እማማ ታደለች ያሏቸው ሴት አጠገቧ ይሁኑ። ካለቀሰች በኋላ ውኃ ይስጧት፤ ስታለቅስ ትን ይላታል።

አባትሽ አልተቆጣም፣ ቤቱም አለ፣ ይጠብቅሻል በሏት።

አብዱልሐሊም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አብዱልሐሊም

ሰላምታ ልጽፍ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። ጋሼ፣ ነኢማ ሞታለች።

ስልኩ ሰሞኑን ይከፈታል ይላሉ። ስልክ ደውለው ነኢማን አቅርቢልኝ ከሚሉኝ በፊት ይህ እንዲደርስዎ ነው ወደ ላይ በሚሄደው የመጀመሪያ መኪና የምልከው።

የሄደችው ጥቅምት 8 ነው፤ መድኃኒቱን አትላኩ ያሉት ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት። በዋዜማው ልብስ እያጠብን ሳለ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ ቢሆኑ ይቀሩ ነበር?" አለችኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ታማ በነበረ ጊዜ የሄድኩበትን መንገድ አስታወስኩ። እቀር ነበር ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ወሰደችው። በማግስቱ እንጀራ ላመጣ ገበያ ስወርድ ከብዙነሽና ከሴቶቹ ጋር ወጣች። እማማ ታደለች ሊይዟት ቢሞክሩ እጃቸውን ስማ ሄደች።

ጥቅምት 12 የጻፍኩልዎ ጊዜ ትደርሳለች የሚል ተስፋ ነበረኝ። በደህና ገብታ እርስዎ ራስዎ እንዲነግሩኝ ፈለግሁ። ደሴን ለቅቀን ስንወጣም እዚያ ግራና ናት እያልኩ ነበር።

ኅዳር ላይ ብዙነሽ እዚህ ተፈናቃይ መሀል አገኘችኝ። ከባቲ ወደ ሐብሩ በሚወስደው ቆላ በሰላም ሲጓዙ ቆይተው አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ግራር ሥር ዐረፉ። ነኢማ ቅሉን በደረቷ ይዛ ነበር። ጨርቁ ሊደርቅ ነው ብላ ለማራስ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች፤ ከብት የሚያጠጡበት ጉድጓድ ነበረው። ከባድ መሣሪያው እዚያ ላይ ወደቀ። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ የሚያውቅ የለም። ሴቶቹ ተበታተኑ። ብዙነሽ ግን ተመልሳ ወርዳ አይታታለች፤ ያን ጊዜ ነፍስ አልነበራትም። የአካባቢው አርብቶ አደሮች እኛ እናሳርፋታለን፣ አንቺ ሂጂ ብለው አስወጧት።

በሳምንቱ ዛኪር የእርስዎን ደብዳቤ ይዞ እኛን ሲያፈላልግ እዚሁ ደረሰ። ንገሯት ያሉኝን፣ ውኃ ይስጧት ያሉኝን አነበብኩ። ዛኪርም ይህን ለአብዱልሐሊም በአፌም በወረቀትም አላደርስም ብሎ እምቢ አለኝ፤ አልፈረድኩበትም።

ስድስቱ አብረውኝ አሉ። ዊንታን በስሟ እንዳይዟት በየኬላው ልጄ ናት እያልኩ አሳለፍኳት። ነኢማን ግን ለእርስዎ አልጠበቅሁልዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል አልደፍርም።

ትምህርት ቤቱ በጥር ይከፈታል ተብሏል። ልጆቹን እኔ ላምጣቸው ወይስ በሌላ ሰው ልላካቸው? እርስዎ የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ጽጌ


ግራና፣ ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለጽጌ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለስድስቱም ይሁን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ለማንም ሳልናገር ዛኪርን ይዤ ወደ ቆላው ወረድኩ። ወንዙን አገኘነው። ከብት ሲያጠጡ ያገኘናቸው ሰዎች ልጅቱን ስንላቸው ወዲያው ዐወቁ። በሰላት፣ በሥርዓቱ፣ ፊቷን ወደ ቂብላ አድርገው ቀብረዋታል። ድንጋይ ደርድረው እሾህ አጥረውላታል። ሴቶቻቸው ወተት አመጡልን፤ መጠጣት አቃተኝ። ወደ ግራና ላምጣት አልኩና ተውኩት። መሬቱን ሳየው፣ ልጄን ድጋሚ ማንሣት አልሆነልኝም።

ባልደብቃት ኖሮ አትነሣም ነበር። ይህን ነገር ሰው ሁሉ ከልቤ ሊያወጣልኝ ይለፋል፤ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል፤ መሆኑንም ዐውቃለሁ። አንቺ አትልፊ። እኔም ያቺን ዝምታሽን ከልብሽ ላወጣልሽ አልለፋም። እንደማይወጣ ዐውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም። ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም።

ልጆቹን ማን ያምጣ ላልሽኝ፣ አንቺ ነሽ የምታመጪያቸው። ይዘሻቸው የሄድሽው አንቺ ነሽ።

ኅብረቱ ባለፈው እሑድ መርሳ ላይ ተሰብስቦ ነበር። በር በሌለው ክፍል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። ሰብሳቢነቱን ልተው ብዬ ተነሣሁ፤ ሰለሙን ክንዴን ይዞ "ልጆቹ እስኪገቡ" አለኝ። እሱም ልጁን ከክረምቱ ወዲህ አላያትም። ተቀመጥኩ። ልጆቹ የሚገቡ ቀን በግ ይታረድ፣ ከበሮ ይምጣ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ አንዳንዱ ወደ እኔ አየ። ይምጣ አልኩ። ስድስት እናቶች እልል ይበሉ፤ የእኔ ለቅሶ ቤቴ ውስጥ አለ። በየወሩ ጥያቄና መልስ እንዲቀጥልም ወስነዋል፤ ጠያቂው አንተ ሁን ቢሉኝ አልችልም አልኳቸው። የዓባይን ገባሮች ጠይቄ ከዚያ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም።

አንቺ የምትገቢ ቀን ግን መናኸሪያው ላይ እገኛለሁ። ፊቴን እንዴት እንደምታዪ አትጨነቂ፤ እኔም የአንቺን እንዴት እንደማይ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። ልጆቹን አስቀድመሽ አውርጂ፤ አንቺ መጨረሻ ውረጂ። ስትወርጂ ሾፌሩ በሩን ወዲያው ይዝጋው በዪው። ውስጥ የቀረ ሰው እንደሌለ ዐውቃለሁ። ክፍት ሆኖ ካየሁት ግን ከዚያ የምንቀሳቀስ አይመስለኝም።

አብዱልሐሊም